ጀርመንኛን ከትምህርታችን ጋር እንዴት አስኬድነው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ለገዳዲ፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የቀረበ ንግግር)



የማኅበሩ ሊቀ መንበር ስለ ጀርመንኛ ጥናት ቡድናችን አሥር ደቂቃ እንድንናገር ጠይቀውን ነበር። እኛ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ለመንን። ምክንያቱም የተሳካውን ብቻ ለመናገር አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ያልተሳካውን ጨምሮ ለመናገር ግን አይበቃም። ይህን ጽሑፍ የምታነበው ከቡድኑ የሂሳብ ባለሙያዋ ናት። ሐሳቡ ግን የሁላችንም ስለሆነ «እኛ» እያልን እንናገራለን።

እኛ ስድስት ነን። ስንጀምር ሁለታችን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። አንዳችን በጤና ኮሌጅ ነርስነት እንማር ነበር። ሦስታችን ቀን እየሠራን፣ ዲፕሎማችንን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ማታ እንማር ነበር፤ አሁንም እንማራለን። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ጀርመንኛ እንማር ብለን ስንነሳ ከስድስታችን «ጊዜ አለኝ» የምትል አንድም አልነበረችም።

አንዲት እናታችን ያኔ የነገሩን ነገር ነበር፦ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።» ሳቅንባቸው። በታኅሣሥ ወር ግን ሳቃችን ቆመ። የዛሬው ንግግራችን እኚህ እናት የት ላይ ልክ እንደነበሩ፣ የት ላይ ደግሞ እኛ ሌላ መንገድ እንዳገኘን የሚያስረዳ ነው።

ለምን ጀርመንኛ?

ብዙዎቻችሁ ትጠይቁናላችሁ። እንግሊዝኛው መቼ ተጣርቶ ነው ጀርመንኛ የሚጨመረው? ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኛ መልስ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ቋንቋው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሬዲዮ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰማል፤ ከአባቶቻችን ሬዲዮ ሥር ተቀምጠን ያደግን አለን። አዲስ አበባ ያለው የጎተ ተቋምም ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊትም አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው በ1652 እ.ኤ.አ. ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ሄደው ከሊቁ ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር አብረው ሠርተዋል። ሉዶልፍ ከእሳቸው የተማረውን ይዞ በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። ያን ጊዜ አስተማሪው የእኛ ሰው፣ ተማሪው ጀርመናዊው ነበር። ይህን ስንሰማ «እነሱ የእኛን ከተማሩ እኛስ የእነሱን ለምን ያቅተናል?» አልን።

ሁለተኛው መልስ ግን እውነተኛው ነው። ሥራ ፈልገን ነው። ነርሷ እህታችን የጀርመን ሆስፒታሎች ነርስ እንደሚፈልጉ ሰምታለች። ሌሎቻችን የሙያ ሥልጠና፣ የትምህርት ዕድል እናገኛለን ብለን ነው። ይህን መደበቅ አንፈልግም። ስህተታችንም የጀመረው ከዚሁ ምኞት ነው።

የመጀመሪያው ወቅት ሂሳብ

መስከረም ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የቋንቋ ማስተማሪያ ተመዘገብን። ፈጣን ኮርስ ነበር፤ በሳምንት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት። ሦስታችን የምዝገባውን ገንዘብ ከማኅበሩ ተዘዋዋሪ ብድር ወሰድን። ከለገዳዲ ጣፎ፣ ከጣፎ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ሲመሽ ሰልፉን ታውቁታላችሁ።

ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ነገር ሲበላሽብን፣ ከእኛ የሂሳብ ሠራተኛዋ «ገንዘብ ሲጎድል የምናደርገውን እናድርግ፤ መዝገብ እንክፈት» አለች። ለአንድ ሳምንት እያንዳንዳችን በየሰዓቱ ያደረግነውን በደብተር ጻፍን። ቀን ከሚሠሩት የአንዷን እናንብብላችሁ።

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ሥራ 44 ሰዓት። የማታ ትምህርት 9 ሰዓት። ወደ ሥራና ወደ ኮሌጅ መንገድ 14 ሰዓት። የቤት ሥራ፣ ማለትም ምግብ፣ እጥበት፣ ውሃ፣ ልጅ፣ 21 ሰዓት። እንቅልፍ በቀን ስድስት ሰዓት ተኩል፣ 45 ሰዓት ተኩል። መብላት፣ መታጠብ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ለቅሶና ዕድር 17 ሰዓት። ይህ ሁሉ ሲደመር 150 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የቀረው 17 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚህ ውስጥ ለኮሌጁ ጥናት ቢያንስ 10 ሰዓት ያስፈልጋል። ለጀርመንኛ የሚተርፈው 7 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው።

እኛ ግን ስንት አውጥተን ነበር? ክፍል 8 ሰዓት፣ ተጨማሪው መንገድ 6 ሰዓት፣ የቤት ሥራው 6 ሰዓት፣ ጠቅላላ 20 ሰዓት። 7 ሰዓት ተኩል ካለው ሰው 20 ሰዓት ሲወጣ 12 ሰዓት ተኩል ይጎድላል። ጉድለት ደግሞ ከየትም ቢሆን ይሸፈናል። እኛ ከእንቅልፋችንና ከትምህርታችን ላይ ሸፈንነው። ውጤቱ ታየ። ከማታ ተማሪዎቹ አንዷ፣ ቀኑን ሙሉ ሂሳብ የምትሠራዋ፣ በወጪ ሂሳብ አያያዝ ፈተና ወደቀች። ነርሷ ተማሪ በሆስፒታል ልምምድ ላይ እንቅልፍ እየጣላት ተመከረች።

ከሁሉ የከፋው ግን የ12ኛ ክፍሏ ታናሽ እህታችን ነገር ነው። ራሷ ፈቅዳልን ነው የምንናገረው።

አንድ ደላላ አግኝቷት ነበር። «12ኛ ክፍል ለምን ትደክሚያለሽ? ጀርመንኛ የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ጨርሺ፤ በስድስት ወር ጀርመን ትገቢያለሽ» አላት። እሷም አመነች። ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ከቤት ትወጣለች፤ ትምህርት ቤት ግን አትደርስም። ጀርመንኛዋን ይዛ ሌላ ቦታ ትውላለች። እናቷ አላወቁም፤ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ ለደላላው ሊሰጡ ከዘመድ እየለመኑ ነበር። እኛ የሰማነው ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው።

ልጅቷን ብቻ አንወቅስም። በየሳምንቱ ስንገናኝ «ጀርመንኛው እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቃት ነበር፤ «ሒሳቡስ? ፊዚክሱስ?» ብለን አልጠየቅናትም። በጀርመንኛ በርትታ ስትመጣ አጨብጭበንላታል። የምንጠይቀውንና የምናጨበጭብለትን አይታ ነው የመረጠችው።

ደላላው ያልነገራት

በዚያን ሰሞን ተቀምጠን እውነቱን አጣራን። ለሌሎች ልጆቻችንም ስለሚጠቅም በግልጽ እናስቀምጠው።

የጀርመንኛ ደረጃዎች ስድስት ናቸው፤ ከኤ1 ጀምሮ እስከ ሲ2። ኤ1 የመጀመሪያው ነው። ኤ1 ብቻውን የሚያገለግልባቸው መንገዶች አሉ፤ ግን ጠባብ ናቸው። ባል ወይም ሚስት ጀርመን ያለችው ወይም ያለው ሰው ለቤተሰብ መቀላቀል ቪዛ በአብዛኛው ይህን ደረጃ ይጠየቃል። በሰው ቤት ልጅ እየጠበቁ ቋንቋና ባህል የሚማሩበት የኦ ፔር ፕሮግራምም ኤ1 ይጠይቃል፤ ዕድሜ ግን ከ18 እስከ 26 ነው፣ ቆይታውም ከአንድ ዓመት አያልፍም።

ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ከፍ ያለ ነው። ለሙያ ሥልጠና በአብዛኛው ቢ1 ይፈለጋል። ነርስ ሆኖ ሙያን ለማስመዝገብ በአብዛኛው ቢ2። በጀርመንኛ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ደግሞ ወደ ሲ1 የሚጠጋ ደረጃ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ነገር ግን ተማሪው ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ እንዳለው ማሳየት ወይም ሌላ ዋስትና ማቅረብ አለበት። ይህ መጠን ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ነው። ደላላ ይህን ቁጥር አይናገርም።

ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ «የዕድል ካርድ» የሚባል የሥራ ፍለጋ ፈቃድ ወጥቷል። ይህን ያገኘነው ልጅቷ ከተመለሰች በኋላ ነው፤ ግን ከሁሉ በላይ ያስተማረን እሱ ነው። በነጥብ ለሚያመለክት ሰው የቋንቋው መነሻ ዝቅተኛ ነው፤ ኤ1 ጀርመንኛ ወይም ቢ2 እንግሊዝኛ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ይጠየቃል፦ በአገሩ መንግሥት የታወቀ ዲግሪ፣ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና። ማለት ቋንቋው ዝቅ ባለበት ቦታ እንኳ ትምህርቱ ቀድሞ ይጠየቃል። 12ኛ ክፍልን ያቋረጠች ልጅ ኤ1ን በመቶ ነጥብ ብታልፍ እንኳ ይህ በር አይከፈትላትም።

እነዚህ ሕጎች ይለወጣሉ፤ ስለዚህ ማንም ከደላላ ሳይሆን ከኤምባሲው ማስታወቂያ ያንብብ። ዋናውን ግን ያኔ ተረዳነው። ሁለት ዛፍ ያልነው አንድ ዛፍ ኖሯል። ግንዱ ትምህርቱ ነው፤ ጀርመንኛው ቅርንጫፍ ነው። እናታችን ልክ የነበሩት እዚህ ላይ ነው፤ እኛ ቅርንጫፉን እንደ ሌላ ዛፍ ቆጥረን ነበር ልንወጣበት የሞከርነው።

ያወጣናቸው ደንቦች

ጥር ላይ ኮርሱን አቋረጥን። የከፈልነው ገንዘብ አልተመለሰም። ይህን ለደጋፊዎቻችን በግልጽ እንናገራለን፦ ከማኅበሩ ከተበደርነው ሦስታችን ሁለታችን ከፍለን ጨርሰናል፤ አንዷ በየወሩ እየከፈለች ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ደንብ አወጣን።

አንደኛው ደንብ፣ ትምህርት ይቀድማል። ቅዳሜ ስንገናኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትምህርት ቤትና የኮሌጅ ውጤት ነው። የወደቀች ካለች የዚያን ሳምንት ጀርመንኛ ትተን እሷን እናስጠናለን።

ሁለተኛው ደንብ፣ ጀርመንኛ በሳምንት ከአምስት ሰዓት አይበልጥም። አራት ቀን አርባ አምስት አርባ አምስት ደቂቃ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ። ይህን እንዴት ወሰንነው? ኤ1 ለመድረስ እንደ ተማሪው ሁኔታ ከ80 እስከ 200 ክፍለ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ይነገራል፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ትልቁን ቁጥር ወሰድን፦ 200 ክፍለ ጊዜ 150 ሰዓት ነው። 150 ለ5 ሲካፈል 30 ሳምንት። ከመስከረም እስከ ግንቦት 30 ሳምንት ይገኛል፤ የፈተና ሳምንታትም ተቀንሰው። ስለዚህ መሮጥ አላስፈለገም።

ሦስተኛው ደንብ፣ በትምህርት ፈተና ወር ጀርመንኛ ወደ አሥር ደቂቃ ይወርዳል። አዲስ ነገር አንማርም፤ የምናውቀውን ቃል ብቻ እንከልሳለን። ይህ «ማቆያ» ይባላል በእኛ ዘንድ። እርሾው እንዳይሞት ትንሽ ዱቄት እንደምንጨምረው ዓይነት ነው።

አራተኛው ደንብ ከሁሉ የከበደን ነው፤ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር። መዝገባችን ላይ የ21 ሰዓት የቤት ሥራ አይታችኋል። ወንድሞቻችንም መዝገብ ያዙ ብለን ነበር፤ አንደኛው ወንድም በሳምንት ሁለት ሰዓት ጻፈ። እናቶችን ሰብስበን ደብተሩን ጎን ለጎን አሳየናቸው። ማንንም አልተጣላንም። አንዲት እናት ደብተሩን ትኩር ብለው አይተው «እንግዲያው ማክሰኞና ሐሙስ ውሃውን እሱ ያምጣ» አሉ፤ ያ ቤት እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። ሁሉም ቤት እንዲህ አልተስማማም። በሁለት ቤት ምንም አልተለወጠም፤ እነዚያ እህቶቻችን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተው ነው የሚያጠኑት።

አምስተኛው ደንብ፣ ለጀርመንኛ ብድር የለም። የፈተናውን ክፍያ በስድስታችን ዕቁብ ሰበሰብን። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኙ ትምህርቶች አሉ፤ ዶይቸ ቬለ ያዘጋጀው «ኒኮስ ቬግ» የሚባለው የቪዲዮ ትምህርት ከኤ1 ጀምሮ አለው። በማኅበሩ ቢሮ ስልካችን ላይ አውርደን በታክሲ ውስጥ እንሰማለን። የታክሲ ሰልፍ ጠላታችን ነበር፤ አሁን ግማሹ ክፍላችን እዚያ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያግዙን ጋሼም አሉ። በወጣትነታቸው በምሥራቅ ጀርመን የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። አንዲት ሳንቲም አይቀበሉም። ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ አንጠራውም፤ ማመስገን ግን አልከለከሉንም።

ቋንቋው ራሱ

ጀማሪ ለሆናችሁ እህቶች የሚጠቅም ጥቂት ነገር እንናገር። ጀርመንኛ ከባድ ነው ይባላል። ከባድ የሆነው ለማን እንደሆነ ግን አይነገርም።

በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በአፋን ኦሮሞም እንደዚያው። ጀርመንኛ በዋናው ዓረፍተ ነገር ግሱን ሁለተኛ ቦታ ላይ ያስቀምጣል፤ «ምክንያቱም» ብሎ ሲጀምር ግን ወደ መጨረሻ ይልከዋል። «ቫይል ኢኽ አርባይተን ሜኽተ» ይላል። ቃል በቃል ሲቀመጥ «ምክንያቱም እኔ መሥራት እፈልጋለሁ» ነው፤ የእኛው ቅደም ተከተል! እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ይደናገራል፤ እኛ ግን እፎይ እንላለን።

አክብሮትም አላቸው። ለሚቀርቡት ሰው «ዱ»፣ ለሚያከብሩት «ዚ» ይላሉ። «ዚ» ግሱን የሚያስረው እንደ «እነሱ» ነው። እኛስ? «እርስዎ ይመጣሉ» ስንል «እነሱ ይመጣሉ» ከሚለው ጋር ግሱ አንድ አይደለም? ጋሼ ይህን ሲያሳዩን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «አንተ»ና «አንቺ»ን ግን አይለዩም፤ ሁሉም «ዱ» ነው።

የሚያስቸግረው የስም ጾታ ነው፤ «ዴር»፣ «ዲ»፣ «ዳስ»። ጠረጴዛ ወንድ ነው፤ በር ሴት ናት፤ መጽሐፍ ከሁለቱም አይደለም። ውሃም «ዳስ ቫሰር» ነው፤ ከሁለቱም አይደለም። ሴት ልጅ «ዳስ ሜድሽን» ስትባል የሴቶች ማኅበር አባላት እንደመሆናችን ተቆጥተን ነበር። ምክንያቱ ግን ሰዋስው ነው፤ «ሽን» በሚለው የማሳነሻ መድረሻ የሚያልቅ ስም ሁሉ «ዳስ» ይሆናል። መፍትሔያችን ቀለም ነው። ወንዱን በሰማያዊ፣ ሴቷን በቀይ፣ ሦስተኛውን በአረንጓዴ እስክሪብቶ እንጽፋለን። ቃልን ያለ ጾታው ፈጽሞ አንጽፍም። ማድ ቤት ያለው ዕቃ ሁሉ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ምጣዱ ብቻ ነው የቀረው፣ ለእሱ ቃል አጣን።

ድምፁን በተመለከተ፣ «ኢ» እያላችሁ ከንፈራችሁን «ኡ» እንደምትሉ አሞጥሙጡ፤ አንዱ እንግዳ ድምፅ ይወጣል። «ኤ» እያላችሁ ከንፈራችሁን እንደ «ኦ» አድርጉ፤ ሌላው ይወጣል። በቁቤ የተማሩ እህቶቻችን የላቲን ፊደል እንደተጻፈ ማንበብ ስለለመዱ ከእኛ ቀድመው አነበቡ።

ሂሳብ ሠራተኛዋን ያሳፈራት ቁጥር ነው። እኛ «ሰማንያ ሰባት» እንላለን፤ እነሱ «ዚበን ኡንት አኽትጺኽ»፣ ማለትም «ሰባትና ሰማንያ» ይላሉ። ሰባቱን ሰምታ ቸኩላ 78 ጻፈች። አጻጻፉም ይለያል፤ እኛ 1,250.50 የምንለውን እነሱ 1.250,50 ብለው ይጽፋሉ። በሂሳብ ሥራ ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ ሺህን ሳንቲም ሊያደርግ ይችላል። ዋጋ በሰማን ቁጥር ሙሉውን እስክንሰማ እስክሪብቶ አናነሳም፤ ይህ በፈተናውም ረድቶናል።

ፈተናው አያስፈራ። የኤ1 ፈተና አራት ክፍል አለው፦ ማዳመጥ ወደ 20 ደቂቃ፣ ማንበብ ወደ 25፣ መጻፍ ወደ 20፣ መናገር ወደ 15። መጻፉ አንድ ቅጽ መሙላትና ወደ 30 ቃል የሚሆን አጭር መልእክት ነው። መናገሩ በቡድን ነው፤ ራስን ማስተዋወቅ፣ ስምን በፊደል መቁጠር፣ መጠየቅና መለመን። ከ100 ቢያንስ 60 ያስፈልጋል። ለፈተናው የሚጠበቁት ቃላት ወደ 650 ናቸው። 650 ለ30 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ሃያ ሁለት ገደማ ነው፤ በቀን ሦስት ወይም አራት ቃል። ይህን ማንም ሥራ የሚበዛባት ሴት ትችላለች።

ምን ሆነ?

ከሁለቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዷ መጋቢት 2016 ላይ «ለአሁን ጀርመንኛ ይቅርብኝ» አለች። አልተጫንናትም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምን ያህል እንደከበደ ታውቃላችሁ። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን በጀመሩበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ፈተና ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህች እህታችን ከእነዚያ ጥቂቶች አንዷ ሆነች። ቡድናችን ካደረጋቸው ውሳኔዎች ሁሉ ትክክለኛው የእሷ ማቆም ነው እንላለን።

ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቤት የጠፋችው ታናሽ እህታችን ተመለሰች። እናቷ መጀመሪያ አለቀሱ፤ ከዚያም ለዘመድ የተለመነውን ገንዘብ መለሱ። ያመለጣትን ትምህርት ማታ ማታ አብረናት አጠናን። ፈተናውን ግን 50 በመቶ አላመጣችም። ሦስት ሳምንቱ ነው ያጎደለባት ወይስ ሌላ፣ አንችልም መፍረድ። በሪሜዲያል ፕሮግራም ገብታ ዓመቱን ተማረች፤ አልፋለች፤ ዩኒቨርሲቲ ትጀምራለች። ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች። «ንገሩ፤ ሌላዋ እንዳትታለል» ያለችን እሷ ናት።

የቀረነው አራት በግንቦት 2017 የኤ1ን ፈተና ወሰድን። ሦስታችን አለፍን። አንዷ 54 አመጣች፤ ስድስት ነጥብ ነው የጎደላት፤ ደግማ ትፈተናለች። ነርሷ ተማሪ አልፋለች፤ ኮሌጇንም ሳትደግም እየጨረሰች ነው። የሂሳብ ሠራተኛዋ በኤ1 አልፋለች፤ የወደቀችበትንም የወጪ ሂሳብ ትምህርት ደግማ አልፋለች። አሁን የዲግሪ መውጫ ፈተና ከፊቷ ስላለ ወደ ሁለተኛው ደረጃ እስከዚያ አትሄድም። ደንቡ ደንብ ነው።

እስካሁን ጀርመን የሄደ ማንም የለም። ይህን በሪፖርታችን ላይ እንደ ጉድለት እንዳታዩት ደጋፊዎቻችንን እንለምናለን። «ስንት ሰው ላካችሁ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁን እኛም ልጆቹን እንደ ደላላው መጠየቅ እንጀምራለን። «ስንቱ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ቋንቋ ጨመረ?» ብላችሁ ጠይቁን። ለዚህ መልስ አለን፤ ከስድስት ስድስቱም።

ልትረዱን ከፈለጋችሁ የኮርስ ክፍያ አንጠይቅም። የምንፈልገው ቅዳሜ ብቻ ሳይሆን ማታ ማታም የሚከፈት፣ መብራት ሲጠፋ በፀሐይ ኃይል የሚበራ አምፖል ያለው አንድ የጥናት ክፍል ነው። ጀርመንኛም ሒሳብም ፊዚክስም የሚጠናበት። በሁለት ቤት ምንም እንዳልተለወጠ ነግረናችኋል፤ ለእነዚያ እህቶቻችን ቤታቸው ያልሰጣቸውን ጸጥታ ማኅበሩ ሊሰጣቸው ይችላል።

እናቶቻችን፣ ለእናንተም አንድ ልመና አለን። ሴት ልጃችሁ ቋንቋ ልማር ስትላችሁ አትከልክሏት። ግን ደብተሩን አምጪ በሏት፤ 168 ሰዓቱን አብራችሁ ቁጠሩ። ከእንቅልፏ ወይም ከትምህርቷ የሚወጣ ከሆነ ከሌላ ቦታ ፈልጉላት። ምናልባት ከወንድሟ ሰዓት ላይ ይገኛል።

የማኅበሩ ለገዳዲ ቅዳሜ ክፍል ከመስከረም ጀምሮ ለአዲስ ጀማሪዎች ክፍት ነው። መግቢያው አንድ ነው፦ የዘንድሮ የትምህርት ውጤታችሁን ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ እሱን ነው።

 በጀርመንኛ አንድ ቃል ይዘን እንሂድ፦ «ዳንከ»። እግዜር ይስጥልን ማለት ነው።